ትንቢት፣ ሟርት፣ ንግርት፣ ትንበያ፦ ቃላቱ ራሳቸው ምን ይላሉ?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ሰሞን ስብሰባ ላይ "በዚህ አያያዛችን ሥራው በቀኑ አያልቅም" አለ። ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ከጠረጴዛው ማዶ "ኧረ አታሟርት!" የሚል ድምፅ መጣ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነገሩም በዚያው ታለፈ። ቃሏ ግን ጆሮዬ ላይ ቀረች። ልጁ እኮ አላሟረተም። የቀረውን ሥራ ቆጠረ፣ የቀረውን ቀን ቆጠረ፣ አንዱን ለሌላው አካፍሎ ያገኘውን ተናገረ። ያንኑ ስሌት ሠርቶ "በቀኑ ያልቃል" ቢል ኖሮ ሟርተኛ የሚለው አልነበረም።

ስለ ነገ የምንናገርባቸው ቃላት ብዙ ናቸው። ትንቢት አለ፣ ትንበያ አለ፣ ንግርት አለ፣ ራእይ አለ። ሟርት፣ ጥንቆላ፣ ኮከብ ቆጠራ፣ ምልኪ፣ ገድ አሉ። በወሬ መሐል እናምታታቸዋለን። ነገር ግን አብዛኞቹ አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ፦ "ይህ ሰው ስለ ነገ የሚለውን ከየት አመጣው?" ተነግሮት ነው? አይቶ ነው? ቆጥሮ ነው? ጠጠር ጥሎ ነው? መልሱ ብዙ ጊዜ ቃሉ ውስጥ ባለው ግስ ላይ ተቀምጧል። ግሡን ከተከተልነው ቃሉ ራሱ ይነግረናል።

ከትልቁ ቃል እንጀምር። ነቢይ ወደ አማርኛ የመጣው ከግዕዝ ነው። ዕብራይስጥም፣ አራማይስጥም፣ ዐረብኛም ይኸው ቃል አላቸው። ለዚህ ነው ኢሳይያስም ነቢይ፣ ሙሐመድም ነቢይ የሚባሉት፤ ሁለቱን ሃይማኖቶች አንድ ቃል ያገለግላቸዋል። የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉን ከጥንታዊው አካድኛ ናቡ ከሚለው ግስ ጋር ያዛምዱታል። ትርጉሙ "ጠራ፣ ስም አወጣ" ነው። እንግዲህ ነቢይ ከሥሩ ከመጥራትና ከመጠራት ጋር የተያያዘ ሰው ነው። ልብ በሉ፤ እስካሁን ስለ ነገ ምንም አልተባለም።

ይህንን በግልጽ የሚያሳይ ቦታ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 7 ላይ አለ። እግዚአብሔር ሙሴን "ወንድምህም አሮን ነቢይ ይሆንልሃል" ይለዋል። አሮን ለሙሴ የወደፊቱን ሊነግረው ነው እንዴ? አይደለም። ሙሴ አፌ ኮልታፋ ነው ብሎ ስለነበር አሮን በፈርዖን ፊት ሊናገርለት ነው። ነቢይ ማለት እዚህ ላይ አፍ ማለት ነው፤ የሌላውን ቃል ተቀብሎ የሚያደርስ። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሰዎችም ለዚህ ቃል የመረጡት ፕሮፌቴስ የሚለውን ነው። ፕሮ "ስለ፣ ፊት ለፊት፣ አስቀድሞ" የሚል መንፈስ አለው፣ ቀሪው "መናገር" ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ለነቢይ የሚሉት ከዚህ ወጣ። ቃሉ ወደ "የወደፊቱን ተናጋሪ" ያዘነበለው በኋላ ነው፤ ነቢያቱ ከተናገሩት ውስጥ ሰው አጥብቆ የያዘው ገና ያልደረሰውን ስለሆነ ይመስለኛል።

ግዕዝ የሚያውቅ አንባቢ "ነበበስ?" ሊል ይችላል። ነበበ ማለት ተናገረ ነው፤ ንባብም ከዚያ ነው የመጣው። በእርግጥ ከነቢይ ጋር ለጆሮ ይቀራረባሉ፣ በትርጉምም የተጣሉ አይደሉም። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።

ከአፍ ወደ ዐይን እንለፍ። ራእይ ከግዕዙ ርእየ ነው፤ አየ ማለት ነው። ባለ ራእይ እንግዲህ ያየ ሰው ነው። ነቢይና ባለ ራእይ እንዴት እንደተቀባበሉ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 9 ላይ ራሱ ይናገራል። ሳኦል የአባቱ አህዮች ጠፍተውበት ሲፈልግ ወደ ሳሙኤል ሊሄድ ነው። ጸሐፊው ታሪኩን አቁሞ "ዛሬ ነቢይ የሚባለው ቀድሞ ባለ ራእይ ይባል ነበር" ብሎ ለአንባቢው ያስረዳል። ይህን ቁጥር በጣም እወደዋለሁ። ከሺህ ዓመታት በፊት የኖረ ጸሐፊ አንባቢዎቹ የድሮውን ቃል እንዳይስቱት ተጨንቆ ማብራሪያ አስገባላቸው። እኔም እዚህ የምሠራው ያንኑ ነው።

ራእይ ዛሬ ሌላ ቤት ገብቷል። ወደ የትኛውም መሥሪያ ቤት ብትገቡ ግድግዳው ላይ "ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴቶች" የሚል ሰሌዳ ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ ያለው ራእይ ማንም በሕልሙ ወይም በሰመመን ያየው አይደለም። ኮሚቴ ተቀምጦ የጻፈው ምኞት ነው። ቃሉ ከ"አየሁ" ወደ "ልናይ እንፈልጋለን" ተሻግሯል። አልቃወመውም፤ ቃል ይሄዳል። ግን "ባለ ራእይ መሪ" ሲባል የትኛው እንደታሰበ መለየት ይጠቅማል። አንደኛው አየሁ ይላል፣ ሁለተኛው አቅጃለሁ ይላል።

ንግርት ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ሥሩ ነገረ ነው። ንግርት ማለት የተነገረ ማለት ነው። ማን ነገረው? ቃሉ አይናገርም። ትንቢት ባለቤት አለው፤ የኢሳይያስ ትንቢት፣ የኤርምያስ ትንቢት እንላለን። ንግርት ሲሆን ግን "ንግርት አለ" ብቻ ነው። ተናጋሪው ጠፍቶ ንግግሩ ብቻ የቀረ ነው። ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። ባለቤት ስለሌለው ደግሞ ማንም "ይህማ ለእኔ ነው" ሊለው ይችላል።

ከታሪካችን ጎልቶ የሚታወቀው የቴዎድሮስ ነገር ነው። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የግዕዝ ድርሳን ከብዙ መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚነሣ፣ በዘመኑም ሰላምና ጥጋብ እንደሚሆን ይናገራል። ይህ ነገር ከብራናው ወጥቶ በሰው አፍ ሲዞር ኖረ። ዘመነ መሳፍንት ሲያበቃ የቋራው ካሳ ኃይሉ ተቀናቃኞቹን አሸንፎ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጫነ። ካሳ ተብሎ ግን አልነገሠም። ቴዎድሮስ ተባለ። ከእርሱ በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን በዚህ ስም የነገሠ ስለነበር ዳግማዊ እንለዋለን። ስሙን የመረጠው የሚጠበቀው ንጉሥ ስም ስለሆነ ነው። ንግርቱን ቁጭ ብሎ አልጠበቀውም፣ ለበሰው። ሰላምና ጥጋቡ ግን አልመጣም። ከ13 ዓመት በኋላ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ላይ መቅደላ አምባ ላይ ራሱን ሰዋ። ንግርት ስለ ነገ ብቻ የሚያወራ አይምሰላችሁ። የሰሙት ሰዎች ዛሬ የሚያደርጉትንም ይለውጣል።

ፍካሬ የሚለውን ቃል እንዳናልፈው። በግዕዝ ፈከረ ማለት ፈታ፣ ተረጎመ ነው፤ የሕልምንም የነገርንም ፍቺ ይመለከታል። መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ሲከፈት የመጀመሪያው ቃል "ፍካሬ" ነው፤ "ፍካሬ ዘጻድቃን" ይላል። ይኸው ቃል ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? አማርኛ ክፍለ ጊዜ ውስጥ። "እማሬያዊ ፍቺ" እና "ፍካሬያዊ ፍቺ" እያልን ስንማር ሁለተኛው ከዚህ የተወሰደ ነው። እማሬያዊው ቃሉ በቀጥታ የሚያመለክተው ነው፤ ፍካሬያዊው ደግሞ ከቃሉ ጀርባ ያለው። ሕልም ፈቺዎች የሠሩበት ቃል ተማሪዎች ግጥም እንዲረዱበት ተላለፈ።

አማርኛው ራሱ ደግሞ ፍቺ ይላል። የመጣው ከፈታ ነው። በቅሎ ይፈታል፣ ገመድ ይፈታል፣ ትዳር ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል። ለአማርኛ ተናጋሪ ሕልም የታሰረ ነገር ነው። ሕልም ፈቺ የሚባለው ሰው አዲስ ነገር አያመጣም፤ ቋጠሮውን ነው የሚፈታው። "ሕልም እንደ ፈቺው ነው" የሚለው ተረት ግን ጠለቅ ያለ ነገር ይዟል። ያንኑ ቋጠሮ ሁለት ሰው ቢፈታው ሁለት ነገር ይወጣዋል ማለቱ ነው። ሕልሙን ላየው ሰው ከሕልሙ ይልቅ የፈቺው አፍ ይበልጥ ያስፈራል።

አሁን ወደ ሟርት እንምጣ፤ ጠቡ ያለው እዚህ ነው።

ዛሬ ሟርት ስንል ክፉ መናገር ማለታችን ነው። "አታሟርትብኝ" የሚባለው መጥፎ ለተናገረ ብቻ ነው። ጥሩ ሲመኝ ያሟረተ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ምዋርት ብሎ በሙሉ ፊደሉ ይጽፈዋል። እዚያ ላይ ሳኦል በዓይንዶር ወዳለችው ሴት በሌሊት ሄዶ "አምዋርቺልኝ" ብሎ ይለምናታል። እስቲ ዛሬ ሰው ቤት ሄዳችሁ "እባክሽ አሟርቺልኝ" በሉ! ለሳኦል ግን ቃሉ "ጠይቀሽ ንገሪኝ" ማለት ነበር። ክፉም ይሁን በጎ የተሰወረውን ማውጣት። በለዓምም በዚያው መጽሐፍ ምዋርተኛ ተብሏል። ሊራገም ተጠርቶ የመረቀ ሰው ነው። በግዕዝ የጣዖት ካህንና ጠንቋይ ማሪ ይባላል፤ ሟርትን ከዚህ ጋር የሚያዛምዱ አሉ።

ታዲያ ቃሉ ወደ ክፉ ብቻ እንዴት ጠበበ? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛ፣ ሃይማኖቱ ሥራውን ሲያወግዝ ቃሉም አብሮ ጠቆረ። ሁለተኛ፣ ክፉ ቃል ክፉ ነገር ይጠራል የሚል ስጋት በውስጣችን አለ። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" እንላለን። ስለዚህ ክፉ የተናገረ ሰው የተናገረ ብቻ ሳይሆን ያመጣ ይመስለናል። "አታሟርት" የሚለው ትእዛዝ "አትንገረኝ" ሳይሆን "አታምጣብኝ" ማለት ነው። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ባለሙያ እውነቱን ሲናገሩ የሚገጥማቸው ይህ ነው።

ከዚያው መጽሐፍ ሳንወጣ ኦሪት ዘዳግም 18ን እንይ። እስራኤላውያን ከተከለከሉት ሰዎች ዝርዝር አንዱ እዚያ አለ፦ ምዋርተኛ፣ ሞራ ገላጭ፣ አስማተኛ፣ መተተኛ፣ በድግምት የሚጠነቁል፣ መናፍስትን የሚጠራ፣ ጠንቋይ፣ ሙታን ሳቢ። ስምንት ናቸው። ተርጓሚዎቹ ስምንቱን የዕብራይስጥ ቃላት ለመመለስ ስምንት የአማርኛ አባባል ማግኘት ነበረባቸው። ቋንቋው አላሳፈራቸውም። ግን የሚገርም ነገር ሠርተዋል። በዕብራይስጡ ሁለተኛው መዖኔን ነው፤ ከደመና ጋር የሚያያይዙት አሉ። አማርኛው በቦታው ያስቀመጠው ሞራ ገላጭን ነው። ሞራ የታረደ ከብት ሆድ ዕቃን የሚሸፍነው መረብ የመሰለ ስብ ነው። ተዘርግቶ ወደ ብርሃን ሲያዝ የደም ሥሮቹ እንደ መንገድና እንደ ወንዝ ይታያሉ። ገላጩ እነዚያን መንገዶች ያነባል። ገለጠ የሚለው ግስ ደግሞ መጽሐፍ ስንገልጥ የምንጠቀምበት ነው። ሞራው ገጽ ነው፣ ሰውየው አንባቢ ነው።

ይህ እኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። የጥንት ባቢሎናውያን የታረደ በግ ጉበት ያነቡ ነበር። ተማሪ እንዲለማመድበት ከሸክላ የተሠሩ፣ ጽሑፍ የሰፈረባቸው የጉበት ቅርጾች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ3,600 ዓመት በላይ ነው። ቻይናዎች በበኩላቸው ከ3,200 ዓመት ገደማ በፊት የኤሊ ቅርፊትና የበሬ ትከሻ አጥንት በእሳት እያተኮሱ ስንጥቁን ያነቡ ነበር። ጥያቄውን እዚያው አጥንቱ ላይ ይጽፉታል። እስካሁን ከታወቁት የቻይንኛ ጽሑፎች ጥንታዊዎቹ እነዚህ ናቸው። "ጠነቆለ" ለማለት እስከ ዛሬ የሚጽፉት ምልክት አንዲት ቀጥ ያለች መስመርና ከጎኗ የወጣች ጭረት ናት። የስንጥቁ ሥዕል ነው። ሮማውያን ወፍ ይመለከቱ ነበር። አውጉር የሚባለው ሹማቸው የወፎቹን በረራ አይቶ አማልክቱ መፍቀዳቸውን ይናገራል። የአውሮፓ ቋንቋዎች ዛሬ ለፕሬዚዳንት በዓለ ሲመት የሚሉት ቃል ከዚህ ሹም ስም የወጣ ነው።

ጠንቋይ ራሱ ሰዋስው ያስተምራል። ግሡ ጠነቆለ ነው። ታዲያ "ለ" የት ሄደች? ገደለ ገዳይ፣ ከፈለ ከፋይ፣ ነቀለ ነቃይ ይሆናል። በአማርኛ "ለ" በዚህ ቦታ ላይ ትለሰልስና "ይ" ትሆናለች። ጥንቆላ ስንል ግን ትመለሳለች። ከጠንቋይ ጋር በአንድ ከረጢት የምንከታቸው አስማተኛና መተተኛ በእርግጥ ሥራቸው ሌላ ነው። ጠንቋይ አውቃለሁ ይላል፤ መተተኛ አደርጋለሁ ይላል። አስማት በግዕዝ "ስሞች" ማለት ነው፣ የስም ብዙ ቁጥር። ኃይሉ በኅቡእ ስሞች ነው የሚል እምነት ስላለ ነው። ድግምትም ከደገመ ነው። ዳዊት የሚደግም አባትና ድግምት የሚደግም ሰው አንድ ግስ ይጋራሉ።

አሁን ደግሞ ቆጣሪዎቹ። ሰብአ ሰገልን ሁሉም ያውቃል፤ ገና ሲመጣ ይጠቀሳሉ። ብዙ ሰው ግን ሰገልን የአገር ስም አድርጎ ነው የሚያስበው፤ እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያው ነበር የማስበው። ሰብእ ሰው ነው። ሰገል ደግሞ በግዕዝ ኮከብ አይቶ፣ ምልክት አይቶ የተሰወረውን ማወቅ ነው። ሰብአ ሰገል ማለት የዚህ ዕውቀት ሰዎች ማለት ነው። የማቴዎስ ወንጌል በግሪክኛው ማጎይ ይላቸዋል። ይህም ከፋርስ የመጣ የካህናት መጠሪያ ሲሆን፣ የአውሮፓ ቋንቋዎች ለአስማት የሚሉት ቃል ከዚያው ነው የተወለደው። አማርኛ ተናጋሪ ሰገል የሚለውን ቃል ካልፈታ ኮከቡን እንዴት እንደተከተሉት አይገባውም። ሥራቸው ነበር።

ኮከብ ቆጣሪ የሚለው ስም ግን ትንሽ ያሳስታል። ሌሊት ወጥቶ ሰማይ ላይ የሚቆጥር ይመስላል። ዐውደ ነገሥት የተባለውን የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ይዞ የሚሠራው ሰው ወደ ሰማይ ቀና አይልም። የሚቆጥረው ፊደል ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። የጠያቂው ስም ይቆጠራል፣ የእናቱ ስም ይጨመርበታል፣ ድምሩ በ12 ይገደፋል። መግደፍ ማለት 12 እያሉ እያወጡ ማንሣት ነው። የቀረው ቁጥር የሰውየው ኮከብ ነው። "ኮከቤ ገውዝ ነው" የሚለው ሰው ያገኘው ከዚህ ነው።

የ12ቱ ኮከቦች ስም ደግሞ ሌላ ታሪክ ይናገራል። ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለያቸዋል። ሐመል ጠቦት፣ ሰውር በሬ፣ አሰድ አንበሳ፣ አቅራብ ጊንጥ፣ ቀውስ ቀስት፣ ሑት ዓሣ ነው። የደብተራ ዕውቀት ብለን የምናውቀው በዐረብኛ ቃላት ተሞልቷል። ዐረቦቹም ከግሪክና ከባቢሎን ተቀብለውታል። ይህ ዕውቀት ሃይማኖትና ድንበር ሲሻገር ማንም አላስቆመውም።

ደብተራ ካልን አይቀር፣ ይህ ቃል ፍርድ ተጓድሎበታል ባይ ነኝ። በግዕዝ ደብተራ ድንኳን ነው፤ ደብተራ ኦሪት ስንል የሙሴን ድንኳን ማለታችን ነው። ሥሩ የግሪክኛው ዲፍቴራ ነው ይባላል፤ ቆዳ፣ ብራና ማለት ነው። ተማሪ የሚይዘው ደብተርም በፋርስና በዐረብ በኩል ዞሮ ከዚያው ግሪክኛ ነው የመጣው። ደብተራ በቤተ ክርስቲያን የዜማና የቅኔ ሊቅ ነው። በመንደር ወሬ ግን "ደብተራ" ሲባል አስማት የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው ትዝ የሚለው። ጥቂቶች የሠሩት ለሁሉ ተረፈ። ቃልቻም እንዲሁ ነው። በኦሮሞ ዘንድ "ቃሉ" የሚባለው የተከበረ የሃይማኖት አባት ነው። ይህ ስም ቃልቻ ሆኖ ወደ አማርኛ ሲገባ ክብሩን ጥሎ ስድብ ሆነ። የሌላውን ካህን ጠንቋይ ማለት የቆየ ልማድ ነው። ካህን የሚለውን ቃል ራሱን ተመልከቱ። በግዕዝና በዕብራይስጥ የቤተ መቅደስ አገልጋይ ነው። በዐረብኛ ግን ካሂን ጠንቋይ ነው፤ ቁርኣን ነቢዩ ካሂን አይደለም ብሎ ይከራከርለታል። አንድ ቃል፣ ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ሁለት ዕጣ።

ዕጣም ራሱ ከእነዚህ ቃላት ነው። ዕጣ ይጣላል፤ ጠጠርም ይጣላል። ጠጠር ጣይ ዕውቀቱን ከእጁ አያመጣም፤ ጠጠሩ እንዳወዳደቁ ነው። ዕድል ደግሞ ከአደለ ነው። ራሽን ይታደላል፣ ወረቀት ይታደላል፣ ሰውም ይታደላል። "ታድለሽ" ስንል ድርሻሽ ተሰጠሽ ማለታችን ነው። ለልጆቻችን ታደለ፣ ታደለች ብለን ስም እናወጣለን። በአማርኛ ዕድል በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም። አዳይ አለው። ገድ ግን ከዚህ ይለያል፤ ሰው ላይ ወይም ነገር ላይ የሚያድር ነው። ገደኛ ሰው አለ፣ ገደ ቢስ ቀን አለ። በዕብራይስጥም ጋድ ዕድል ነው፤ ልያ የአገልጋይዋን የዘለፋን ልጅ ጋድ ያለችው ለዚህ ነው። ምልኪ ደግሞ የግል ነው። የአንዱ ምልኪ ለሌላው አይሠራም።

ወደ ትንበያ ልመለስ። ትንቢትና ትንበያ ከአንድ ግስ፣ ከተነበየ ነው የወጡት። ዛሬ ግን ተለያይተዋል፤ መለያየታቸውም መልካም ነው። ትንቢት የተናጋሪውን ሥልጣን ይዞ ይመጣል፦ ተነግሮኛል። ትንበያ ሥራውን ይዞ ይመጣል፦ ለክቻለሁ፣ አስልቻለሁ። የአየር ጠባይ ባለሙያ "ነገ ዝናብ የመዝነብ ዕድሉ 60 በመቶ ነው" ሲል ነገሩን ሊያመልጥ ፈልጎ አይደለም። እንደዚህ ባለ ቀን 10 ጊዜ ብንናገር 6 ጊዜ ያህል ይዘንባል ማለቱ ነው። አንድ ቀን ባይዘንብ አልዋሸም። ብዙ ቀን ተመዝግቦ ነው የሚመዘነው። የክረምት ትንበያም ሲወጣ "ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች" ተብሎ ነው። መደበኛ የሚባለው ደግሞ የ30 ዓመት መዝገብ አማካይ ነው። አዲስ መረጃ ከመጣ ትንበያው ይከለሳል። ትንቢት አይከለስም። ስለዚህ ጋዜጠኛ "ባለሙያዎቹ ስለ ኢኮኖሚው ትንቢት ተናገሩ" ሲል ቅር ይለኛል። ባለሙያዎቹን ያልያዙትን ሥልጣን ሰጣቸው፤ የሠሩትን ስሌት ደግሞ ነሣቸው።

ያ ባልደረባዬ ያደረገው ትንበያ ነበር። ቁጥሩ ሊሳሳት ይችላል፤ የቀረውን ሥራ አብዝቶ ገምቶም ሊሆን ይችላል። ያን ቀን "እስቲ እንዴት አሰላኸው?" ብለን ብንጠይቀው ኖሮ ሰሌዳው ላይ ይጽፍልን ነበር፤ ሰው እንጨምር ወይስ ቀን እናስረዝም ብለንም እንነጋገር ነበር። "አታሟርት" ስለተባለ ግን ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፍን።